ካኪ ፖስታ ወይስ ፌስታል፣ አልኮል ወይስ በረኪና፦ የወንጀል ማስረጃ እንዳይበካከል ምኑን ከምን እንምረጥ?

ደም የነካው ሸሚዝ ወለል ላይ ወድቋል። በአንድ እጃችሁ ፌስታል፣ በሌላው ካኪ ፖስታ ይዛችኋል። የቱ ውስጥ ትከቱታላችሁ? ጥያቄው የልጅ ጥያቄ ይመስላል። ግን እዚህች ጋ የተደረገው ምርጫ ከወራት በኋላ ችሎት ላይ ይወጣል። ምርጫው ከተበላሸ ወይ ማስረጃው ሻግቶ ጥፋተኛው ያመልጣል፣ ወይ ደግሞ ሸሚዙን በዓይኑ አይቶት የማያውቅ ሰው ዲኤንኤ ይገኝበትና ንጹሕ ሰው ይታሰራል። ይህ ሁለተኛው በአውስትራሊያም፣ በእንግሊዝም፣ በአሜሪካም ደርሷል። እያንዳንዱን በቦታው እነግራችኋለሁ።

ይህን የምጽፈው ስፍራው ላይ ቀድመው ለሚደርሱ ፖሊሶች ነው። እንደ ጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል ባሉ የአንድ መስኮት አገልግሎት ማዕከላት ጥቃት የደረሰባቸውን ለሚመረምሩ ነርሶችና ሐኪሞች፣ ለላቦራቶሪ ጀማሪዎች እና ችሎት ላይ ማስረጃ ለሚሞግቱ ጠበቆችም ነው። በየምርጫው የቱ እንደሚሻል አቋሜን እናገራለሁ። መለኪያዬ አንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ዕቃ ወይም ይህ ሰው እዚህ ከመድረሱ በፊት ምን ነክቶ ነበር? መልሱን የማታውቁት ነገር ማስረጃ አጠገብ አይድረስ።

ካኪ ፖስታ ወይስ ፌስታል

ደም፣ ምራቅ፣ ላብ ወይም የዘር ፈሳሽ ላለበት ነገር ሁሉ ወረቀት ምረጡ። ወረቀት አየር ያስገባል። ላስቲክ ግን እርጥበቱን አፍኖ ይይዛል። ባክቴሪያና ሻጋታ ይራባሉ፣ ዲኤንኤው ይበጣጠሳል። ጠዋት በፌስታል ታስሮ ፒክአፕ ኋላ የተወረወረ ልብስ ከሰዓት በኋላ በአፋር ወይም በጋምቤላ ሙቀት ምን እንደሚሆን መገመት አያቅትም።

እ.ኤ.አ. በ1994 በሎስ አንጀለስ፣ የቀድሞ ሚስቱንና አንድ ሌላ ሰው በመግደል በተከሰሰው በታዋቂው ስፖርተኛ በኦ.ጄ. ሲምፕሰን ጉዳይ፣ ከስፍራው የተነሱ የደም ናሙናዎች ገና እርጥብ እያሉ በላስቲክ ተከተው ሙቀት ውስጥ በቆመ መኪና ቆይተው ነበር። ተከላካይ ጠበቆቹ ይህችን ይዘው ለቀናት ባለሙያዎቹን አፋጠጡ። እ.ኤ.አ. በጥቅምት 1995 ጁሪው (ከሕዝብ ተመርጦ ብያኔ የሚሰጠው ቡድን) ተከሳሹን በነፃ አሰናበተ። የማስረጃ አያያዙ የመከላከያው ዋና ምሰሶ ነበር።

ፌስታል ሌላም ጣጣ አለው። ብዙውን ጊዜ የሚመጣው አጠገብ ካለ ሱቅ ነው፣ ወይም ቲማቲም ወጥቶበት የታጠፈ ነው። ማን ማን እንደነካው አይታወቅም። ደግሞ አፉ አልከፈት ሲል ምን እንደምናደርግ አስተውሉ። ጣታችንን ምራቅ አስነክተን እናሸዋለን፣ ከዚያ እፍ ብለን እንነፋዋለን። የመርማሪው ዲኤንኤ ከውስጥ ገባ ማለት ነው፤ ልብሱ ገና አልተከተተም።

ፖስታውም ቢሆን አዲስ ይሁን። ማጣበቂያውን በምላስ ማርጠብ ፈጽሞ አይሆንም። በፕላስተር አሽጉና ፊርማችሁ ከፕላስተሩ ወደ ወረቀቱ ተሻግሮ ይውጣ፤ ማንም ቢከፍተው ይታወቃል። ስቴፕለርን አልመርጥም። ቀዳዳ ይተዋል፣ የሚከፍተውን ሰው ጓንትም ይቀዳል።

አንድ ዕቃ፣ አንድ ፖስታ። ሱሪውና ሸሚዙ የአንድ ሰው ቢሆኑም ለየብቻ ይግቡ። የግራና የቀኝ ጫማም እንደዚያው። ሸሚዝ ስታጥፉ የደረቱ ደም ወደ ጀርባው እንዳይዛመት መሀሉ ላይ ንጹሕ ወረቀት አኑሩ። ጀርባው ላይ የታየው ደም ከመጀመሪያው የነበረ ነው ወይስ ስታጥፉት የመጣ? ይህን ጥያቄ ላቦራቶሪው ሊመልሰው አይችልም።

እርጥብ ልብስ ከሆነስ? መጀመሪያ ይድረቅ። ፀሐይ ላይ ማስጣት ፈጣን ነው፤ ግን የፀሐይ ጨረር ዲኤንኤን ይጎዳል። ምድጃ ወይም የፀጉር ማድረቂያም አይሆንም። የሚሻለው ጥላ ያለበት የተዘጋ ክፍል ነው። ከሥሩ አዲስ ወረቀት ይነጠፍለት፤ ሲደርቅ ወረቀቱም አብሮ ይታሸግ፣ ምክንያቱም የረገፈው ፀጉርና ክር እዚያ ላይ ነው ያለው። የተጎጂና የተጠርጣሪ ልብስ በአንድ ክፍል አይሰጣም፣ በተለያየ ቀንም ቢሆን። ማድረቂያ ቦታው ሩቅ ከሆነና መኪናው በደም የሚጨማለቅ ከሆነ፣ ለመንገድ ያህል ብቻ ላስቲክ ይፈቀዳል። ከ2 ሰዓት ግን አይለፍ፤ እንደደረሳችሁ አውጡት።

ወረቀት የማይሆንባቸው ቦታዎችም አሉ። ዋናው የእሳት ቃጠሎ ነው። ቤንዚን ወይም ጋዝ ተረጭቶበታል ተብሎ የተጠረጠረ አመድና ጨርቅ ወረቀት ውስጥ ቢገባ ተንኖ ያልቃል። ተራ ፌስታል ደግሞ የባሰ ነው። የቤንዚን እንፋሎት ፌስታሉን አልፎ ይወጣና አጠገቡ ያለው ከረጢት ውስጥ ይገባል። ቤንዚን ያልነበረበት ምንጣፍ ቤንዚን ተገኘበት ይባላል። ስለዚህ ምርጫው ክዳኑ ጥብቅ የሆነ፣ ቀለም ገብቶበት የማያውቅ አዲስ ቆርቆሮ ነው። እስከ አፉ አትሙሉት፤ ላቦራቶሪው የሚመረምረው ከላይ የሚጠራቀመውን አየር ነው። ከዚያው ግዢ አንድ ባዶ ቆርቆሮ ዘግታችሁ አብራችሁ ላኩ። ቆርቆሮው ራሱ ንጹሕ እንደነበር የሚመሰክረው እሱ ነው።

ደረቅ ዱቄት ዕፅ በላስቲክ ቢታሸግ ችግር የለውም። እርጥብ ካናቢስ ግን ይሻግታል፣ ወረቀት ይሁን። ፀጉር፣ ክርና የመስታወት ስባሪ መጀመሪያ በወረቀት ተጠቅልሎ ከዚያ ፖስታ ውስጥ ይግባ፤ ፖስታ በማዕዘኑ ያፈሳል። ቢላ ካርቶን ውስጥ ታስሮ ይቀመጥ።

ሟችን በምን እንሸፍን

እኛ ጋ ሰው ወድቆ ሲገኝ የመጀመሪያው ሥራ መሸፈን ነው። የሚያልፈው ሰው ነጠላውን ወይም ጋቢውን ያወልቃል፣ ጎረቤት አንሶላ ይዞ ይሮጣል። ይህ ክብር ነው፤ ሰውን ከዚህ ለመከልከል መሞከር ጠብ ያመጣል እንጂ አይጠቅምም። ግን ያ ጋቢ የባለቤቱን ቤት ሙሉ ፀጉርና ክር ይዞ ነው የሚመጣው። በሲምፕሰን ጉዳይም ፖሊስ ከሟቿ ቤት ውስጥ ብርድ ልብስ አውጥቶ ነበር አስከሬኑን የሸፈነው። ብርድ ልብሱ ከዚያ በፊት ማን ተኝቶበት ነበር? ጠበቆቹ ይህንኑ ነው የጠየቁት።

ከሁሉ የሚሻለው ሳይነካ መከለል ነው። ሁለት ሰው አንሶላ ዘርግቶ እንደ መጋረጃ ይያዝ፣ ወይም መኪና ይቁም። መሸፈን ግድ ከሆነ ከማሸጊያው ገና የወጣ አዲስ ጨርቅ ወይም ወረቀት ይሁን። ከመድረሳችሁ በፊት በጋቢ ተሸፍኖ ካገኛችሁት ጋቢውን ለባለቤቱ አትመልሱ። እሱም አሁን ኤግዚቢት (ለችሎት የሚቀርብ የማስረጃ ዕቃ) ነው። ባለቤቱን አመስግኑ፣ ስሙን መዝግቡ፣ ለማነጻጸሪያ ናሙና እንዲሰጥ ጠይቁት።

ጓንት

ቪኒል ርካሽ ነው፤ ግን ይላላል፣ ይቀደዳል። ላቴክስ ከእጅ ጋር ጥሩ ይስማማል፤ አንዳንድ ሰው ላይ አለርጂ ያስነሳል። ምርጫዬ ናይትራይል ነው፣ ዱቄት የሌለው። ዱቄት ያለው ጓንት ከእጃችሁ የወጣውን ሁሉ ይዞ ይበናል።

የጓንቱ ዓይነት ግን ከምታስቡት ያነሰ ነገር ነው። የሚያጠፋን አለመቀየሩ ነው። ጓንት እናንተን ይጠብቃል። ማስረጃውን የሚጠብቀው ንጹሕ ሲሆን ብቻ ነው። አንድ መርማሪ ጓንት አጥልቆ በር ይከፍታል፣ ስልኩ ሲጮህ ከኪሱ ያወጣል፣ ማስኩን ወደ ላይ ይስባል፣ ከዚያ ቢላውን ያነሳል። በሩን የከፈቱት ሰዎች፣ ስልኩና ፊቱ ሁሉም ቢላው ላይ ናቸው። ጓንት ባያደርግ ኖሮ ቢያንስ ይጠነቀቅ ነበር።

በጣሊያን ፔሩጃ እ.ኤ.አ. በ2007 በተገደለችው እንግሊዛዊት ተማሪ ጉዳይ ላይ ዋና ማስረጃ ከነበሩት አንዱ የጡት መያዣ ማያያዣ ነበር። መጀመሪያ ታይቶ ሳይነሳ ቀረ። የተነሳው ከ46 ቀናት በኋላ ነው። በመሀል ብዙ ሰው ቤቱን ረግጦታል። ሲነሳ የተቀረጸው ቪዲዮ ላይ ደግሞ የያዙት ጓንቶች መቆሸሻቸው ይታያል። ፍርድ ቤት የሰየማቸው ገለልተኛ ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. በ2011 ብክለት ሊኖር እንደሚችል ጽፈው ማስረጃው አይታመንም አሉ። ሁለቱ ተከሳሾች እ.ኤ.አ. በ2015 በሰበር ችሎት በመጨረሻ ነፃ ወጡ።

አንድ ጓንት ወይስ ሁለት? ሁለት ደርቡ። የታችኛው ከእጃችሁ አይወልቅ፤ የላይኛውን በእያንዳንዱ ዕቃ መሀል ጣሉ። ላብ በላብ በሆነ እጅ ላይ አዲስ ጓንት ለማጥለቅ መታገልም ይቀርላችኋል። ጓንት ካጠረ በዕቃ በዕቃ መቀየሩን አትተዉ። ስፍራው ላይ የሚገባውን ሰው ብዛት ቀንሱ፤ ብዙ ጓንት የሚጨርሰው የማያስፈልግ ሰው ነው። ማስክም አድርጉ፣ አፍንጫችሁ ሳይቀር ተሸፍኖ። ናሙና ላይ ጎንበስ ብሎ ማውራት ምራቅ ይረጫል።

«ስቴራይል» የተባለ ስዋብ ወይስ «ከዲኤንኤ ነፃ» የተባለ

ስዋብ ማለት ናሙና የሚነሳበት፣ ጫፉ ጥጥ የሆነ ዘንግ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። ስቴራይል ማለት ጀርም የለበትም ማለት ነው። ዲኤንኤ የለበትም ማለት አይደለም። ባክቴሪያውን የገደለው ጨረር ወይም ሙቀት የሰውየውን ዲኤንኤ እዚያው ሊተወው ይችላል።

ጀርመኖች ይህን የተማሩት በከባድ ዋጋ ነው። እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2007 ሃይልብሮን ከተማ አንዲት ወጣት ፖሊስ መኪናዋ ውስጥ ተገደለች። ከመኪናው የተወሰደው ዲኤንኤ የማትታወቅ ሴት ሆነ። ያቺው ሴት በጀርመን፣ በኦስትሪያና በፈረንሳይ ወደ 40 የሚጠጉ የወንጀል ስፍራዎች ላይ ተገኝታ ነበር። ግድያ አለ፣ ተራ ስርቆትም አለ። ፖሊስ ለጠቆመ 300,000 ዩሮ ቃል ገባ። እ.ኤ.አ. በ2009 የአንድ ወንድ ጥገኝነት ጠያቂ ሰነድ ላይ ዲኤንኤዋ ሲገኝ ነገሩ ተገለጠ። ሴትየዋ ስዋቡን ስታሽግ የነበረች የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች። ወንጀል አልሠራችም። ስዋቦቹ ስቴራይል ነበሩ። ፖሊሷን የገደሉት የኒዮ ናዚ ቡድን አባላት መሆናቸው የታወቀው ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2011 ነው።

ከዚያ በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ2016፣ አይኤስኦ 18385 የተባለው ዓለም አቀፍ መስፈርት ወጣ። ለፎረንሲክ የሚሸጡ ስዋቦች፣ ቱቦዎችና ማሸጊያዎች ላይ የሰው ዲኤንኤ እንዳይኖር አምራቹ ምን ማድረግ እንዳለበት ይደነግጋል። ግዢ የምትጽፉ ከሆነ ይህን ቁጥር መስፈርቱ ውስጥ አስገቡ። ፋርማሲ የሚሸጠው የቁስል ስዋብ ይረክሳል፤ ለቁስል ጥሩ ነው። ለማስረጃ ግን ሌላ እስካለ ድረስ አትምረጡት። ምንም ከሌለ፣ ከዚያው ፓኬት ሁለት ያልተነኩ ስዋቦች አብራችሁ ላኩ። ከአንድ ፓኬት የሚላክ ባዶ ስዋብ ጀርመኖችን ከዓመታት ልፋት ሊያድን ይችል ነበር።

አወሳሰዱ ላይ፦ ለደረቀ የደም ጠብታ መጀመሪያ በንጹሕ ውኃ የረጠበ ስዋብ፣ ቀጥሎ ደረቅ ስዋብ። ሁለቱም ይቀመጡ። ለልብስ ግን በተለይ እጅ የጨበጠው ቦታ ላይ ሕዋሱን በተጣባቂ ቴፕ ማንሳት የበለጠ ሊያወጣ ይችላል። እንደ ጨርቁ ነው።

አልኮል ወይስ በረኪና

በቅድሚያ መታጠብ የማያስፈልገውን ምረጡ። አንዴ ተጠቅሞ የሚጣል ወረንጦ፣ የሚጣል የምላጭ ስለት፣ የሚጣል ትሪ። በጾም ወቅት ቤታችሁን አስቡ። የሥጋ ወጥ ያማሰለ ማማሰያ ምንም ቢፈተግ ሽሮው ውስጥ አይገባም፤ እናት ለብቻው ነው የምታስቀምጠው። ለማስረጃም እንዲያ ነው።

«የሚጣል» የተባለን መልሶ መጠቀም ግን ከማጠብ ይከፋል። እ.ኤ.አ. በ2011 ማንቸስተር ውስጥ በአንድ መናፈሻ ሴት ተደፈረች። የዲኤንኤው ውጤት በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ የሚኖር ወጣትን አመለከተ። ልጁ ማንቸስተር ረግጦ አያውቅም አለ። ወደ አምስት ወር ታሰረ። ኋላ ሲጣራ ላቦራቶሪው አንዴ ብቻ አገልግሎ መጣል የነበረበትን የላስቲክ ትሪ መልሶ ተጠቅሞበት ተገኘ። የልጁ ምራቅ ያለበት ናሙና በሌላ ቀላል ጉዳይ እዚያው ትሪ ውስጥ ነበር።

መታጠብ ግድ የሆነ ዕቃ፣ ለምሳሌ መቀስ ወይም ጠረጴዛ፣ ሲሆን ምርጫው በረኪና ነው። አልኮል ጀርም ይገድላል። ዲኤንኤን ግን አያጠፋም፤ እንደውም ያረጋውና ከቦታ ቦታ ያዛውረዋል። ሙቀት የሚሰጠው አውቶክሌቭም ለሆስፒታል እንጂ ለዚህ ብቻውን አይበቃም። ዩቪ መብራት ይረዳል፤ ግን ጥላ ያረፈበትን አይነካም፣ ከሩቅ ደግሞ ይደክማል። ብቻውን አትመኑት።

የሱቅ በረኪና ብዙውን ጊዜ 5 በመቶ አካባቢ ነው፤ መለያውን አንብቡ። አንድ እጅ በረኪና ከዘጠኝ እጅ ውኃ ጋር ቀላቅሉ። በየቀኑ አዲስ ይዘጋጅ፤ ሲውል ሲያድር ጉልበቱን ያጣል። ጠረጴዛው ላይ ለ10 ደቂቃ ይቆይ። ጠረግ አድርጎ መሄድ አይሆንም። ከዚያ በተጣራ ውኃ፣ ቀጥሎ በ70 በመቶ አልኮል ይጠረግ። አልኮል ቦታው እዚህ ነው፣ በረኪናውን ለማንሳት። የቀረ በረኪና ብረት ይበላል፣ ከዚያም አልፎ ቀጣዩን ማስረጃ ያጠፋል። ስለዚህ ኤግዚቢት ክፍት በሆነበት ጠረጴዛ በረኪና አትርጩ። በረኪናን ከአሲድ ጋር፣ ከአሞኒያ ጋር ወይም ጉዋኒዲን የተባለ ኬሚካል ካለባቸው የዲኤንኤ ማውጫ ኪቶች ፍሳሽ ጋር መቀላቀል መርዛማ ጋዝ ያወጣል። የላቦራቶሪ ጀማሪዎች ይህችን አስምሩባት።

የአሻራ ብሩሽም አትርሱ። ከስፍራ ስፍራ የሚዞረው ያው ብሩሽ ዲኤንኤ ይዞ ይዞራል፤ ምርምር ያረጋገጠው ነው። አሻራም ዲኤንኤም ከሚፈለግበት ዕቃ ላይ ወይ አዲስ ብሩሽ፣ ወይ መጀመሪያ ስዋብ።

አንድ ሰው ወይስ ሁለት

ከሁሉ በላይ የምትመርጡት ይህ ላይ ነው፤ ገንዘብም ብዙ አይጠይቅም። ተጎጂዋን የመረመረው፣ ተጠርጣሪውን የያዘው፣ ቤቱን የፈተሸው አንድ ሰው ይሁን ወይስ የተለያየ? አንድ ሰው ይቀላል፣ ጉዳዩንም በደንብ ያውቀዋል። ማስረጃው ግን ይበካከላል። የሚያጓጉዘው መኪና ሳይቀር መለየት አለበት። ጠዋት ተጠርጣሪው የተቀመጠበት ወንበር ላይ ከሰዓት ተጎጂዋ ከተቀመጠች፣ ልብሷ ላይ የሚገኘው የእሱ ክር ዋጋ የለውም።

በሜልቦርን የደረሰው ይህን ያሳያል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2006 አንዲት ሴት የምሽት ክበብ መጸዳጃ ቤት ውስጥ ራሷን ስታ ተገኘች። ሆስፒታል ናሙና ተወሰደ፤ የአንድ ሶማሊያዊ ወጣት ዲኤንኤ ተገኘበት። ሌላ ማስረጃ የለም። ያየው የለም፣ ካሜራ የለም። እሱ ያን ምሽት ቤት ነበርኩ አለ፣ ቤተሰቡም መሰከረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ስድስት ዓመት ተፈረደበት። ከ16 ወር ገደማ እስር በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2009፣ ፍርዱ ተሻረ። ጉዳዩን የመረመሩት የቀድሞ ዳኛ ፍራንክ ቪንሰንት ያገኙት እንዲህ ነበር። ሴትየዋ ከመመርመሯ 28 ሰዓት ገደማ ቀደም ብሎ፣ እዚያው ክፍል፣ ያው ሐኪም ሌላ ሴት መርምሮ ነበር። ልጁ ከዚያች ከመጀመሪያዋ ሴት ጋር ግንኙነት ነበረው። ዲኤንኤው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ናሙና ተሻገረ። ከአፍሪካ ቀንድ የሄደ አንድ ልጅ ወጣትነቱን ያጣው በክፍል ጽዳት ነው። ይህን ጉዳይ ለሚማሩ ነርሶች ሁሉ መንገር እፈልጋለሁ።

ስለዚህ በምርመራ ክፍል፦ በሁለት ታካሚዎች መሀል አልጋው፣ መብራቱ፣ የበር እጀታው በበረኪና ይታጠብ። አዲስ የወረቀት ንጣፍ ይዘርጋ። ኪቱ በታካሚዋ ፊት ይከፈት። የማን ናሙና፣ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ክፍል፣ ከዚያ በፊት ማን ነበር፤ ይመዝገብ። ሁለተኛ ባለሙያ ካለ ተጠርጣሪውን እሱ ይመርምር፣ በሌላ ሕንፃ ቢሆን ደግሞ ይመረጣል።

ከፖሊስና ከሐኪም ውጭ ያለውንም ሰው አስቡ። እ.ኤ.አ. በኅዳር 2012 በካሊፎርኒያ ሳን ሆዜ አጠገብ አንድ ባለሀብት ቤቱ ውስጥ ተገደለ። ጥፍሩ ሥር የአንድ ሰው ዲኤንኤ ተገኘ፤ ሰውየው ታሰረ፣ ለአምስት ወር ገደማ። በዚያ ምሽት ግን ሰክሮ ሆስፒታል ተኝቶ ነበር፤ መዝገብ አለ። ወደ ሆስፒታል ያደረሱት ሁለት የአምቡላንስ ሠራተኞች ከሰዓታት በኋላ ግድያው ቤት ተጠርተዋል። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ አሻግሮት ሊሆን እንደሚችል ታምኗል። የአምቡላንስ ሠራተኞች ሕይወት ማዳን አለባቸው፤ አይወቀሱም። ግን ማን ማን እንደነካ መዝግቡ፣ ከእነሱም ለማነጻጸሪያ ናሙና ውሰዱ።

ለጥይት ተኩስ ምርመራ ደግሞ መሣሪያ የታጠቀ ፖሊስ የተጠርጣሪን እጅ አይንካ። ለንደን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1999 በተገደለችው የቴሌቪዥን አቅራቢ ጉዳይ አንድ ሰው በ2001 የተፈረደበት በኮቱ ኪስ ውስጥ በተገኘች አንዲት የባሩድ ቅንጣት ጭምር ነበር። ቅንጣቷ ከየትም ልትመጣ ትችል ነበር ተብሎ ፍርዱ በ2007 ተሻረ፤ በ2008 ነፃ ወጣ። ትጥቅ የሌለው ባለሙያ ይመረጥ፤ ከሌለ እጁን ታጥቦ፣ ትጥቁን ፈትቶ፣ አዲስ ጓንትና ጋውን ይልበስ። የተጠርጣሪው እጅ እስኪመረመር በወረቀት ከረጢት ይሸፈን። ላስቲክ ያልበዋል።

ላቦራቶሪ ውስጥ

የዲኤንኤ ማባዣው ማሽን በእያንዳንዱ ዙር ያለውን እጥፍ ያደርጋል። በ28 ዙር አንዱ ቅጂ ወደ 268 ሚሊዮን ይደርሳል። ስለዚህ ከማባዛቱ በፊትና በኋላ ያለው ሥራ በአንድ ክፍል አይሠራም። ሁለት ክፍል ከሌለ ቢያንስ ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ጋውን፣ ሁለት ፒፔት (ጥቂት ፈሳሽ የሚቀዳበት መሣሪያ) ይለዩ፤ ሰውም ዕቃም ከ«በፊት» ወደ «በኋላ» ይሂድ እንጂ በዚያው ቀን አይመለስ።

ቀድሞ የሚከፈተው የቱ ነው? የስፍራው ናሙና። የሰውየው የምራቅ ናሙና በዲኤንኤ የተሞላ ነው፤ ቢላ ላይ ያለው ግን አንዳንዴ ጥቂት ሕዋስ ነው። 1 ናኖግራም ዲኤንኤ ማለት ወደ 150 ሕዋስ ነው፤ በዚህ መጠን ከሀብታሙ ወደ ድሃው መንጠባጠብ ቀላል ነው። በተለያየ ቀን መሥራት ከሁሉ ይሻላል። መጋቢት 1 ቀን 2011 ዓ.ም. በቢሾፍቱ አቅራቢያ በወደቀው አውሮፕላን ሕይወታቸው ያለፈውን 157 ሰዎች ለመለየት ከቤተሰቦቻቸው የተወሰደው ናሙናም እንዲሁ ዓይነት ነው። የቤተሰቡ ናሙና ሙሉ፣ ከስፍራው የተሰበሰበው ቁራጭ። እንዲህ ዓይነት ሥራ ውስጥ ሁለቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ መገናኘት የለባቸውም።

የሠራተኞች የዲኤንኤ መዝገብ መያዝ ወይስ አለመያዝ? ያዙ። ጽዳት ሠራተኛዋም፣ የማሽን ጠጋኙም ይግባ፣ በፈቃዳቸውና ለዚህ ብቻ እንደሚውል በጽሑፍ ተረጋግጦላቸው።

በጀት ካጠረ

ሁሉንም መግዛት የማይቻልበት ጣቢያ ብዙ ነው። እኔ ብሆን መጀመሪያ ጓንትና ካኪ ፖስታ በብዛት፣ ቀጥሎ በረኪና፣ ቀጥሎ ከዲኤንኤ ነፃ የሆነ ስዋብ እገዛለሁ። ሙሉ ነጭ ልብስ ከእነዚህ በኋላ ነው። ዩቪ መብራት ደግሞ መጨረሻ ላይ።

ምንም ብትጠነቀቁ የሆነ ቀን ጓንታችሁ ይቀደዳል፣ ስታነጥሱ ማስኩ ይወርዳል። ያኔ ዝም ማለትም መጻፍም ይቻላል። ጻፉት፦ «ከጠዋቱ 4፡20፣ ኤግዚቢት 7 ሲነሳ የቀኝ ጓንት ተቀደደ፤ ተቀየረ፤ ባዶ ስዋብ አብሮ ተልኳል።» ላቦራቶሪው ይህችን ካነበበ የእናንተን ዲኤንኤ ከመዝገቡ አውጥቶ ያነጻጽራል፣ ይቀንሰዋል፣ ከሥሩ የቀረውን ያነብባል። ካልተጻፈ የማይታወቅ ሁለተኛ ሰው ሆኖ ይቀርና መርማሪው እሱን ሲፈልግ ወራት ይፈጃል።